አገር ሁሉ «ብርድ ነው» ሲል

በአገራችን ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ በሽታ አለ። ወገብ ሲያም እሱ ነው፤ ጎን ሲወጋ እሱ ነው፤ ሆድ ሲነፋ፣ ጉልበት ሲንቋቋ፣ አንገት አልዞር ሲል እሱው ነው። ራጅ አያሻውም፣ ደም አይቀዳለትም፣ ላቦራቶሪ አያውቀውም። ስሙ ብርድ ይባላል። ከጥቁር አንበሳም ከጳውሎስም የሚበልጥ የሕዝብ ሆስፒታል አለን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ካርድ አይወጣበትም፣ ወረፋ የለበትም፤ ሐኪሞቹ በየቢሮው፣ በየታክሲው፣ በየለቅሶ ቤቱ ተቀምጠዋል። ለመጣው ሕመምተኛ ሁሉ የሚሰጡት መልስም አንድ ነው፤ «ብርድ ነው!»

እኔ ከዚህ ሆስፒታል ጋር ጠብ አለኝ። ጠቡም የግል ነው፤ አልደብቅም። ወራት አለፉት፤ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች ከመዳፌ ጋር የሚጋጠሙበት ቦታ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያመኛል። ጠዋት ስነሳ እጆቼ የሌላ ሰው እጆች ይመስሉኛል። ጨብጡ ስላቸው አይጨብጡም። የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ፣ ቧንቧ ለመክፈት፣ የጥርስ ሳሙና ክዳን ለማዞር ከጣቶቼ ጋር ድርድር እገባለሁ። ይኼ መገተር ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆይና ስንቀሳቀስ ስንቀሳቀስ ይላላል። ከሰዓት በኋላ ደህና ነኝ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሚያየኝ ከሰዓት በኋላ ነው!

ደግሞ አገሩ የሰላምታ አገር ነው። እኛ እጅ የምንጨብጠው ለወግ ያህል አይደለም፤ ጨምቀን፣ ነቅንቀን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተን ነው። ምግብ ላይ ያለ ሰው አንጓውን እንደሚሰጥ፣ እኔም አንጓዬን መስጠት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። «እየበላህ ነው እንዴ?» ይሉኛል። «አይ፣ እጄን አሞኝ ነው።» «ምነው? ምን ሆንክ?» በዚህች ጥያቄ የሕዝቡ ሆስፒታል ተከፈተ ማለት ነው።

አንዱ «ነጭ ሽንኩርት በማር» ይላል። ሌላው «ፌጦ» ይላል። ሦስተኛው «መጥፎ ደም ነው፤ ዋግምት ካልተደረገልህ አትድንም» ብሎ ይምላል። አራተኛው ወጌሻ ሊወስደኝ ይጎትተኛል። ጎረቤቴ እትዬ ጤና አዳም በቅቤ አፍልተው ይዘውልኝ መጡ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ሽታው ደስ ይል ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደግሞ ጠጋ ብሎ «ሥጋ አብዝተህ ነው፤ ሪህ የሀብታም በሽታ ነው» ሲል ሹክ አለኝ። በዚህ ደመወዝ! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ተረታችን። የገለጠውስ? የገለጠው በአንድ ሳምንት ውስጥ አርባ መድኃኒት ይገኝለታል፤ የማይገኝለት ምርመራ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም እጆቼን አገላብጦ አየ፤ መገጣጠሚያዎቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገ ጠየቀኝ፤ ደም አዘዘ። በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚያሳየው ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ግን «የለም» የሚል ውጤት ይዞ መጣ። ሐኪሙም «ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ እንከታተለዋለን» አለኝ።

ይህን ለወዳጆቼ ስነግራቸው ሳቁ። «‹ሊሆን ይችላል›ማ እኛም እንላለን! አያውቅም ማለት ነው፤ ሌላ ጋ ሂድ።» የእኔ ሙግት ከዚህ ይጀምራል። እኛ የምናምነው የሚያውቀውን ሰው ሳይሆን የማይጠራጠረውን ሰው ነው። ሰባት ዓመት ሕክምና የተማረው ልጅ «ምናልባት» ስላለ አላዋቂ ሆነ። አንድም ቀን የሕክምና መጽሐፍ ያልገለጠው ጎረቤት «ብርድ ነው» ብሎ ስለ ቆረጠ አዋቂ ሆነ። ኧረ እንደማመጥ ጎበዝ!

ሐኪሙ «ምናልባት» ያለው ስላላወቀ ሳይሆን ስላወቀ ነው። ሩማቶይድ ፋክተር በሽታው እያለባቸው እንኳ ከአራት ወይም ከአምስት ሕመምተኞች በአንዱ ደም ውስጥ አይገኝም። በተቃራኒው በሽታው በሌለበት ሰው፣ በሳንባ ነቀርሳ በተያዘ፣ ጉበቱ በሄፓታይተስ ሲ በታመመ፣ አልፎ አልፎም ምንም በሌለበት አዛውንት ደም ውስጥ ይገኛል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ብቻውን አይፈርድም። የአሜሪካና የአውሮፓ የዘርፉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት መመዘኛ ውስጥ የሚቆጠሩት ብዙ ናቸው፤ ስንት መገጣጠሚያ ታመመ? ትንንሾቹ ናቸው ትልልቆቹ? ደሙ ምን ይላል? መቆጣት አለ? ስድስት ሳምንት ሞልቶታል? እንግዲህ ሐኪሙ እንደ ዳኛ ነው፤ ማስረጃ ሰብስቦ ይመዝናል። በአንድ ምስክር ቃል የሚፈርድ ዳኛ ብናይ ጉቦ በልቷል እንላለን። በአንድ ወረቀት የማይፈርድ ሐኪም ስናይ ግን አያውቅም እንላለን።

ነገሩ የክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን የሚጠፋው ጊዜ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከደጅ የመጣ ብርድ አይደለም፤ የቤት ውስጥ አመፅ ነው። ከጀርም እንዲጠብቀን የተሰጠን የሰውነት መከላከያ ኃይል፣ ወታደር በገዛ አገሩ ላይ ጠመንጃ እንደሚያዞር፣ መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይወጋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ቀጥሎ ልም አጥንቱን፣ ከዚያም አጥንቱን ይበላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእጅና ከእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች፣ በግራም በቀኝም ነው። በመገጣጠሚያም አይወሰን፤ ሳንባን፣ ዓይንን፣ የደም ሥርን ሊነካ ይችላል፤ በልብ ሕመም የመያዝን ዕድልም ይጨምራል። አንዴ የተበላ አጥንት ደግሞ በኋላ በሚመጣ መድኃኒት አይመለስም። ለዚህ ነው ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ውስጥ ሕክምና ይጀመር ብለው የሚወተውቱት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። እኛ ግን ቅጠሉን የያዝነው ለማፍላት ሆነና ቤቱ ተቃጠለ።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለኝም አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነሱም 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። አፍሪካዊ ምስክር ካስፈለገ የደቡብ አፍሪካው ክርስቲያን ባርናርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በዓለም የመጀመሪያውን የልብ ንቅለ ተከላ ያደረገው እሱ ነው። ያ እጅ በሩማቶይድ አርትራይተስ ታምሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ቢላውን አስቀመጠ። ኬፕ ታውን «ብርድ ነው» ያለው ሰው ይኑር አይኑር እንጃ።

በስም ጉዳይም ብዙ እንበደላለን። «ሪህ» የምትለው አንዲት ቃላችን ቢያንስ ሦስት ሰዎችን በአንድ ካቴና ታስራለች። አንደኛው ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እየተጠራቀመ ብዙውን ጊዜ የእግርን አውራ ጣት በድንገት የሚያነደው ነው፤ ሥጋና ቢራ የሚወቀሱት በዚህኛው ነው። ሁለተኛው ሕፃናትን የሚይዘው፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣውና የልብን በሮች የሚያበላሸው ነው፤ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉት እነዚህ ናቸው። ሦስተኛው ይኼ የእኔ «ምናልባት» ነው። ሦስቱም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ስማቸው አንድ በመሆኑ ግን አንዱ የሌላውን መድኃኒት ሲውጥ፣ ሥጋ ቀምሳ የማታውቅ ድኻ ሴት «ሥጋ ተዪ» ተብላ ስትመለስ ይታያል።

ሴቶችን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የእነሱ ነገር ነው። የእናቶቻችንን እጅ አይታችኋል? ሊጥ ያቦካ፣ ልብስ ያጠበ፣ ቡና የወቀጠ፣ ጀበና ያነሳ እጅ ነው። ያ እጅ ሲያብጥ «ቀዝቃዛ ውኃ ስለምትነካ ነው» ይባላል። ጣቶቿ ወደ ጎን ሲጣመሙ «እርጅና ነው» ይባላል፤ ገና አርባ ዓመቷ ሆኖ! ከወሊድ በኋላ የጀመራት እንደሆነማ ፍርዱ ይከብዳል፤ «አራስ ቤት ሳለሽ አልጠነቀቅ ብለሽ፣ ብርድ አስገብተሽ ነው።» ታማሚዋ ራሷ ጥፋተኛ ሆና አረፈችው።

የሚገርመው አያቶቻችን ያዩት ነገር ልክ መሆኑ ነው። ይህ በሽታ በእርግዝና ጊዜ ብዙ ሴቶች ላይ ይረግባል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ይነሳል፤ አንዳንዷንም መጀመሪያ የሚይዛት ያኔ ነው። ፊሊፕ ሄንች የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምም ይህንኑ አየ። ልዩነቱ ያየውን ነገር «ብርድ» ብሎ አለመዝጋቱ ነው። «በእርግዝና ጊዜ ሕመሙን የሚያስታግስ ምን ነገር በሰውነት ውስጥ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ኮርቲዞን ወደሚባለው ነገር መራው። እ.ኤ.አ. በ1948 ማዮ ክሊኒክ ውስጥ በጭንቅ የምትንቀሳቀስ አንዲት ሴት መድኃኒቱን ተወግታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1950 ሄንች ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል ተሸለመ። እኛም እነሱም ያየነው አንድ ነው። እኛ መልስ ሰጠን፤ እነሱ ጥያቄ ጠየቁ።

ይሁን እንጂ የዚያ ተአምር ሁለተኛ ምዕራፍ ነበረው። መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ ተመለሰ። ሲቀጥል ደግሞ ፊት ያብጥ፣ ስኳርና የደም ግፊት ይነሳ፣ አጥንት ይሳሳ ጀመር። ዓለም ይህን ካወቀ ሰባ ዓመት አልፎታል። የእኛ ሰፈር መድኃኒት ቤት ግን ገና አልሰማም። እጄን አይቶ ባለመደብሩ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ዲክሎፌናክ ከዴክሳ ጋር አንድ ጊዜ ይወጉና ማታውኑ ይሮጣሉ!» ማዘዣ የለ፣ ጥያቄ የለ፤ ስኳር አለብዎት ወይ የለ፣ ጨጓራዎን ያምዎታል ወይ የለ። አልወጋም ብዬ ስወጣ እንደ ፈሪ አየኝ።

ልብ በሉልኝ፤ ስቴሮይድ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። በሐኪም እጅ፣ በልኩ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሲሰጥ ትልቅ ረዳት ነው። ያለ ማዘዣ ሲቸበቸብ ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንድ፣ እብጠቱን ደብቆ ሐኪሙ በሽታውን እንዳያየው ያደርጋል። ሁለት፣ ለወራት የለመደውን ሰውነት በድንገት ሲከለክሉት ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። ዲክሎፌናክም ሕመም ያስታግሳል እንጂ የአጥንቱን መበላት አያቆምም፤ ሲዘወተርም ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። «የተፈጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም» እየተባለ በሚሸጠውም አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ በሚባል የመገጣጠሚያ «ማሟያ» ውስጥ፣ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን አግኝቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ተአምር የሚሠራው «ቅጠል» ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ ክህደት አይደለም።

እዚህ ላይ «አንተ የአባቶችን መድኃኒት ናቅህ» የሚሉኝ ይኖራሉ። አልናቅሁም። አዲስ አበባ ራሷ የፍል ውኃ ልጅ አይደለችም እንዴ? በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ቁልቁል የሳባቸው ያ ፍል ውኃ ነው። እኔም እሄዳለሁ፤ ሙቀቱ የተገተረውን ያላላል፣ ጡንቻ ያሳርፋል፣ ደስ ይላል። ብርድ ሲሆን ሕመሙ የሚብስበት ሰው መኖሩንም አልክድም። ጸበል የሚጠመቀውን ሰው እምነቱን አልነካም፤ ጸበሉም ክኒኑም አብረው መሄድ ይችላሉ። የምቃወመው ማስታገሻው የምርመራን ወንበር ሲቀማ ነው። ያበጠን መገጣጠሚያ ማሸትና መጎተት ግን ከማስታገሻም አይቆጠር፤ ወጌሻ የተቆጣውን መገጣጠሚያ ሲያሽ ቁስል ላይ እንደመርገጥ ነው።

ደግሞ ምርመራው ተሳክቶ ትክክለኛው መድኃኒት ሲታዘዝ ምን ይሆናል? ሌላ ችሎት ይቆማል። ሜቶትሬክሴት የሚባለው ዋነኛው መድኃኒት ነው፤ ዋጋውም ከአዳዲሶቹ መርፌዎች ጋር አይወዳደርም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል። ከዚያ አንድ ፊደል የቆጠረ ዘመድ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያነብና «ይሄ የካንሰር መድኃኒት ነው! ካንሰር ይዞህ ደብቀውህ ነው!» ብሎ ቤቱን ለቅሶ ቤት ያደርገዋል። አዎ፣ በከፍተኛ መጠን ለካንሰር ይሰጣል፤ ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው መጠን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። መጥረቢያ ዛፍ ይቆርጣል ተብሎ በቢላ ሽንኩርት አይከተፍም?

የሚያስፈራው ሌላ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚባለውን በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ነፍሰ ጡር ወይም ልትፀንስ ያሰበች ሴት አትወስደውም። ደምና ጉበት እየታየ ነው የሚወሰደው። ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ማዘዣ ጽፎ «የሚቀጥለው ግባ!» የሚል ሐኪም አይናገርም። ስለዚህ ሐኪሞቻችንንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። «ምናልባት» ማለት ክብር ነው፤ ምናልባቱን ሳያስረዱ ሰውን ማሰናበት ግን ለጎረቤት ሐኪሞች አሳልፎ መስጠት ነው። የተረዳ ሕመምተኛ ተመልሶ ይመጣል። ያልተረዳው ፌጦ ይገዛል።

የመንግሥትም ድርሻ አለ። በዚህ ዘርፍ የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያሉትም በከተማ ናቸው። ስለ ስኳር፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ካንሰር በሬዲዮ እንሰማለን፤ እሰየው። ስለ መገጣጠሚያ የሰማ ማን አለ? የዓለም የአርትራይተስ ቀን እንኳ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት መግቢያ መሆኑ ነው፤ «ብርድ ነው» በሚባልበት ወር! ሁሉም ወረዳ ስፔሻሊስት ይኑረው አልልም። የጤና ጣቢያው ነርስ ግን ያበጠ እጅ ስታይ ወዴት እንደምትልክ ትወቅ። መድኃኒቱ በመንግሥት መድኃኒት ቤት አይጥፋ። ማዘዣ የሚጠይቀው መድኃኒት ያለ ማዘዣ ሲሸጥ የሚጠይቅ አካል ይኑር። ይህ ቅንጦት ነው?

አለቆችም ስሙኝማ። ጠዋት አርፍዶ የሚመጣ፣ ከሰዓት ግን ሲስቅ የምታዩት ሠራተኛ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ይህ በሽታ የሚሠራው ፈረቃ ጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ገፍቶ መግባት የተፈቀደለት ሰው ሙሉ ቀን ይሠራል። ያልተፈቀደለት ሥራውን ይለቃል፤ ከዚያ አለቃው «ታማሚ ነበር፣ ጎበዝ ልጅ ነበር» ይላል።

እኔ ዛሬም «ምናልባት» ነኝ። የሚቀጥለው ምርመራ «ነው» ሊል ይችላል፣ «አይደለም» ሊል ይችላል፤ ሌላ ስም ሊያወጣለትም ይችላል። ከምናልባት ጋር መኖር ቀላል አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት ያስቆጥራል። ቢሆንም በውሸት እርግጠኝነት እጄን ከማጣ በእውነተኛ ጥርጣሬ እጄን ባተርፍ እመርጣለሁ።

ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። ወዳጃችሁ ያበጠ እጁን ሲያሳያችሁ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ጠዋት ከተነሳህ በኋላ እስኪላላ ምን ያህል ይቆያል? በሁለቱም በኩል ነው? ስድስት ሳምንት አልፎታል? ግማሽ ሰዓት ያልፋል፣ አዎ፣ አዎ ካላችሁ «ተነስ እንሂድ፤ እኔም አብሬህ ወረፋ እይዛለሁ» በሉት። ጤና አዳሙንም ቅቤውንም ማታ ታመጡለታላችሁ።

ብርድማ ጋቢ ሲደርቡለት ይለቃል። የማይለቀውን ብርድ አትበሉት።